ሜቶትሬክሴት ከጀመርኩ 3 ሳምንት ሆነኝ፣ ለውጥ የለም፤ ላቁመው?

እህቴ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ በሽታ) ተብለሽ ሜቶትሬክሴት ከጀመርሽ ገና 3 ሳምንትሽ ነው። ጠዋት እጅሽ አልጨበጥ ይላል፣ መድኃኒቱም ያቅለሸልሽሻል ብለሻል። እባክሽ በራስሽ አታቁሚው። ይህ የሕመም ማስታገሻ አይደለም። የሰውነት መከላከያ መገጣጠሚያን ማጥቃቱን ቀስ በቀስ ነው የሚያረግበው፤ ለውጡ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያው ፕሬድኒሶሎን (እብጠትና ሕመምን ቶሎ የሚያረግብ ስቴሮይድ) ታዞልሽ ከሆነ እሱም በአንዴ አይቆረጥም፤ በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ይቀነሳል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጪልኝ፦ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው አይደል የምትወስጂው? በስህተት በየቀኑ ወስደው የአጥንት መቅኔያቸው ደም ማምረት አቅቶት የሞቱ ሰዎች አሉ። ቀን ምረጪና ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጻፊው። ኪኒኑ ባለ 2.5ም ባለ 10 ሚሊግራምም አለ። 15 ሚሊግራም የታዘዘለት ሰው ባለ 2.5ቱን 6 ፍሬ ይወስዳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ባለ 10 ተሰጥቶት እንደለመደው 6 ፍሬ ቢውጥ 60 ሆነ ማለት ነው። በገዛሽ ቁጥር ማሸጊያውን አንብቢ።

ለማቅለሽለሹ፣ ማታ ከእራት በኋላ ወስደሽ ተኚ። ፎሊክ አሲድ (የፎሌት ቫይታሚን ኪኒን) ካልታዘዘልሽ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት 5 ሚሊግራም ነው፣ ሜቶትሬክሴት በማትወስጂበት ቀን። የአፍ ቁስልንም ይቀንሳል። ይህም ካልረዳሽ ከቆዳ ሥር የሚወጋው መርፌ ሆድን ያን ያህል ስለማያውክ ሐኪምሽን አማክሪ።

የደም ምርመራውን (የደም ቆጠራ፣ ጉበት፣ ኩላሊት) "ደህና ነኝ" ብለሽ እንዳትዘልዪው። ጉበት ሲጎዳም ሆነ ነጭ የደም ሴል ሲቀንስ መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማም። መጀመሪያ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ፣ ሲረጋጋ በየ3 ወሩ ገደማ ነው። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቀጣዩን ሳትወስጂ በዚያው ቀን ታከሚ። ለሽንት ኢንፌክሽን ባክትሪም የተባለውን አንቲባዮቲክ ሊያዙልሽ ቢሉ ሜቶትሬክሴት ላይ መሆንሽን ተናገሪ፤ ሁለቱም ደም ለማምረት የሚያስፈልገውን ፎሌት ሥራ ስለሚያግዱ አብረው የደም ሴሎችን ቁጥር ክፉኛ ያወርዳሉ። በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይወሰድም፤ ለመውለድ ካሰብሽ ከወራት በፊት ለሐኪምሽ ንገሪ።

ለቀጠሮሽ ደግሞ በየጠዋቱ ከነቃሽበት ሰዓት ጀምሮ የልብስሽን ቁልፍ መቆለፍ እስክትችዪ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብሽ መዝግቢ። "ያመኛል" ከማለት ይልቅ 90 ደቂቃ የነበረው 40 መድረሱን ብታሳዪው፣ ሐኪሙ መጠን ልጨምር ወይስ ልጠብቅ የሚለውን በዚያ ይመዝናል።