ሩዙ መብሰሉን ማን ይነግረዋል?

የኤሌክትሪክ ዕቃ ሥራ እንማራለን ለምትሉ ወጣቶች አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ስለ ሴንሰርና ስለ ፕሮግራም ከማሰባችሁ በፊት ባለ አንድ ማብሪያውን ተራ የሩዝ ማብሰያ ፈታታችሁ እዩ። ሶኬቱን መንቀል እንዳትረሱ!

ማሞቂያው መሃል ላይ በሞላ የተደገፈች ክብ ቁልፍ አለች። ስትጫኗት ትወርዳለች፣ ስትለቋት ትመለሳለች። ብልሃቱ ሁሉ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ድስቱ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ የሚገባው ኃይል ውኃውን እንፋሎት በማድረግ ያልቃልና። ሩዙ ውኃውን ሲመጥና የተረፈው ሲተን ግን የድስቱ መቀመጫ መጋል ይጀምራል። ቁልፏ ውስጥ ያለው ፌራይት፣ ማለትም ማግኔት የሚስበው ቁስ፣ 103 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ ሞላው ይገፋል፣ ማብሪያው ቀጭ ብሎ ይዘላል። ሰዓት ቆጣሪ የሚባል ነገር የለም። ውኃ ከ100 በታች በሚፈላበት ከፍተኛ ቦታም ያው ቁልፍ ይሠራል፤ በደቂቃ የተሰላ ማብሰያ ግን እዚያ ጥሬ ያቀርብላችኋል።

ጃፓኖች እዚህ የደረሱት በቀላሉ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ በኋላ ሶኒ የተባለው ድርጅት ከእንጨት ገንዳ ሥር የአሉሚኒየም ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚያስገባ ብረት) አድርጎ ሞክሮ ነበር፤ ሩዙ እንደ ዓይነቱና እንደ ውኃው መጠን አንዴ ይጠነክራል፣ አንዴ ይላቁጣል። መፍትሔው በታኅሣሥ 1955 እ.ኤ.አ. ከቶሺባ ወጣ። ዮሺታዳ ሚናሚ ድስትን በድስት ውስጥ አስቀመጠ፤ በሁለቱ መካከል የምትገባው አንድ ኩባያ ያህል ውኃ ተንና ለማለቅ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል፣ ስታልቅ ሙቀቱ ይወጣና ከሁለት ብረቶች የተጣበቀው ዝርግ ተጣምሞ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። በብርድም በሙቀትም እያበሰለች የፈተነችው ባለቤቱ ፉሚኮ ነበረች። እኔ በበኩሌ የፈጠራው ባለቤት ሁለቱም ናቸው እላለሁ፤ የእሷ ሙከራ ባይኖር የእሱ ሥዕል ወረቀት ላይ በቀረ ነበር።

ኋላ ማይክሮ ኮምፒውተር መጣ፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድስቱን ራሱን በኢንዳክሽን፣ ማለትም በማግኔት መስክ፣ የሚያግል ማብሰያ ገበያ ላይ ዋለ። እነዚህም ቢሆኑ የሚጠብቁት ያንኑ የሙቀት ለውጥ ነው።

እንግዲህ ሩዙን ጥሬውን የሚተው ማብሰያ ለጥገና ቢመጣላችሁ ዕቃ ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ድስቱን አንሱና ሥሩን እዩ፤ አንዲት የደረቀች ፍሬ ድስቱን ከማሞቂያው አራርቃው፣ ቁልፏ ያለ ጊዜዋ እየዘለለች ሊሆን ይችላል።