ኬሞ እየወሰድኩ ጾም ብሽር ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ የደሴ ልጅ ነኝ። ለጡት ካንሰር በየ21 ቀኑ ኬሞ እወስዳለሁ። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት አዘዘልኝ፤ በዐቢይ ጾም ግን እጄ አልዘረጋ አለ። እናቴ ጓዳ ደብቃ ወተት ስታቀርብልኝ አለቅሳለሁ። አንዳንድ ቀን መኖሩም ያስጠላኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ብዪ። ረቡዕን፣ ዓርብንና ዐቢይ ጾምን ያልጾመ ካህን ከሹመቱ ይሻር የሚለው የሐዋርያት ቀኖና ራሱ፣ ሕመም የከለከለውን ለይቶ ያስቀራል። ለንስሐ አባትሽ ግን ንገሪያቸው፤ «በራሴ ሻርኩት» የሚለው ሐሳብ ሌሊት እንዳይወጋሽ።

ምስርና ሽንብራም ሰውነት ይጠግናሉ፤ አልክድም። ነገር ግን ኬሞ አፍ ያቆስላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ምግቡን ብረት ብረት ያሰኘዋል። ሁለት ጉርሻ ብቻ የሚወርድለት ሰው በዚያችው ሁለት ጉርሻ ብዙ ኃይል ማግኘት አለበት፤ እንቁላሉ የታዘዘው ለዚህ ነው። በርበሬ የበዛበት ሽሮ ይቅርብሽ፤ አልጫውን፣ አጥሚቱን ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ ውሰጂ። ወተቱ ይፈላ። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ዘመድ ጥሬ ሥጋ ልቁረጥልሽ ቢል እንቢ በዪ፤ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚቀንስ ለሌላው ቀላል የሆነ ተሕዋስ አንቺን ይጥልሻል። (ወሎዬ እንግዳ ሲያስተናግድ እንቢታ አይሰማም፤ አውቃለሁ።)

ጠበሉን አትተዪ፣ ለጠበል ብለሽም ኬሞውን አታቋርጪ። ሆድ እስኪያጥብ መጠጣቱ ግን ለአሁኑ አቅምሽ አይሆንም። ግሸን ለመውጣት ስእለት ካለብሽም ተራራው የትም አይሄድም።

ወደ ለቅሶሽ ልምጣ። ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተጋድሞ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ነበር (1ኛ ነገሥት 19)። እግዚአብሔር «እምነትህ የታል?» ብሎ አልገሠጸውም። መልአኩ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ዳግመኛ ቀስቅሶ «መንገዱ ሩቅ ነው» ብሎ አበላው። አንድ ጊዜ በልቶ አልበረታም፤ አንቺም ከራስሽ ይህን አትጠብቂ። መኖር ያስጠላኛል ያልሽውን ለእኔ ብቻ አትተዪው፤ ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ንገሪ፣ በዚያ ሐሳብ ውስጥ ሳለሽም ብቻሽን አትደሪ።

እናትሽን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናቸው፦ ወተቱን ከጓዳ አውጥተው ገበታው ላይ ያስቀምጡት። እርሳቸው ሽሯቸውን፣ አንቺ ወተትሽን ይዛችሁ፣ አንድ ላይ «አቡነ ዘበሰማያት» በሉና ጀምሩ።