ጠዋት አልነሣ ያለ ሆንዳ ሲጂ 125

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ የግብርና ባለሙያ ነኝ። የምነዳው የድሮ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ብስክሌት ጠዋት ሃያና ሠላሳ ጊዜ ብረግጠው አይነሣም፤ በሁለተኛ ማርሽ ሲገፋ ግን ወዲያው ይነሣል። ከሞቀ በኋላ ቀኑን ሙሉ በአንድ እርግጫ ነው። ካንዴላ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ ካርቡሬተሩም ታጥቧል። ከሦስት ወር በፊት ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ራስ) የሚመጣው መንኳኳት ስላስቸገረኝ ቫልቩ ተስተካክሎልኝ ድምፁ ጠፍቷል። አሁን ምን ልቀይር?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም እንዳይቀይሩ እለምንዎታለሁ። ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ ስለ ድምፁ መጥፋት በመጨረሻ የጠቀሱት ነው። የሲጂ 125 ቫልቮች ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ሲለኩ በሁለቱም በኩል 0.08 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖራቸው ይገባል፤ ይህ ክፍተት ባለበት ሞተር ላይ ቀለል ያለ የመንቋቋት ድምፅ መሰማቱ የጤና ምልክት ነው። ድምፁን ፈጽሞ ለማጥፋት ተብሎ የጠበቀ ቫልቭ መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ አያርፍም፣ ስለዚህ ፒስቶኑ የሚያምቀው አየር በዚያው ያመልጣል።

ታዲያ ሲሞቅ ለምን ይነሣል? ጠዋት ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ እርግጫዎ ሞተሩን የሚያዞረው በዝግታ ነው፤ የሚያመልጠው አየር ለማምለጥ በቂ ጊዜ ያገኛል፣ ብልጭታውን የሚያመነጨው ማግኔቶም በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው ብልጭታ ደካማ ነው፣ ቤንዚኑም በብርድ በደንብ አይተንም። ሲገፋ ግን ሞተሩ ከእርግጫው በበለጠ ፍጥነትና ሳያቋርጥ ስለሚዞር ጉድለቱ ይሸፈናል። የሚኖሩበት ከተማ ከፍታም አለበት፦ በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ከሩብ በላይ ያነሰ ስለሆነ፣ ቆላ ላይ የማይታወቅ ትንሽ የእመቃ ጉድለት እዚያ ጎልቶ ይወጣል። በዚሁ ምክንያት የእመቃ መለኪያ ያለው ጋራዥ ቢሄዱ፣ መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዚያ ከፍታ ላይ አይጠብቁ።

ቫልቩን ከመክፈትዎ በፊት ግን ብልጭታውን ያረጋግጡ። ካንዴላውን ነቅለው ገመዱ ላይ እንዳለ አካሉን ከቴስታታው ብረት ጋር ማሳ ያስይዙና፣ የቤንዚን ጋዝ እንዳይቀጣጠል ከካንዴላው ቀዳዳ አርቀው ይርገጡ። ብልጭታው ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ ይለፉት፤ ቢጫና ቀጭን ከሆነ የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7፣ የፑንቲናው (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሣው መገናኛ) ደግሞ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይለኩ፣ የፑንቲናው ጫፍ ተቃጥሎ እንደሆነም ይመልከቱ። አሥር ጊዜ ከረገጡ በኋላ የተነቀለው ካንዴላ በቤንዚን ከራሰ ነዳጅ እየደረሰ ስለሆነ ካርቡሬተሩን ደግሞ መፍታት አያስፈልግም።

ቀጥሎ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው፣ ካንዴላውን መልሰው ይርገጡ። እርግጫው ከበፊቱ ጠንክሮ ከተሰማዎት ያለቀው የፒስቶኑ ፋሻ (ፒስቶኑን የሚከብበው ቀለበት) ነው፤ ዘይቱ በፋሻውና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይዘጋል። ምንም ለውጥ ከሌለ ግን አየሩ የሚወጣው በቫልቭ ነው፤ በእርስዎ ሞተር የምጠብቀው ይህንን ነው።

ማስተካከያው የሚሠራው ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ካደረ በኋላ ነው፤ ለብ ባለ ሞተር ላይ የተለካ ክፍተት ሊታመን አይችልም። በግራ በኩል ያለውን የማግኔቶ ክዳንና ከላይ የቴስታታውን ክዳን ከፍተው፣ ቮላኖው (ከማግኔቶው ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ላይ ያለው «ቲ» የሚል የላቲን ፊደል ከምልክቱ ጋር እስኪገጥም ያዙሩ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ቢላንቼሪዎች (ቫልቮቹን የሚጫኑት ክንዶች) በጣት ሲነኩ ትንሽ መነቃነቅ አለባቸው፤ አንዱ ቫልቭ ተጭኖ ከታየ ቮላኖውን አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ። ቫልቩ በጣም ጠብቆ የተስተካከለ ሞተር ላይ ግን በትክክለኛው ቦታም ቢላንቼሪው ላይነቃነቅ ይችላልና፣ ያ እንዳያሳስትዎ ቮላኖውን ሲያዞሩ የመግቢያው ቫልቭ ተከፍቶ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣውን «ቲ» ይያዙ። ከዚያ የ0.08 ሚሊ ሜትሩ ስስ መለኪያ ትንሽ እየያዘ እንዲያልፍ አድርገው ያስተካክሉ። መቆለፊያ ዳዶው ሲጠብቅ ማስተካከያውን ይዞት ስለሚዞር፣ ካጠበቁ በኋላ መልሰው ይለኩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ጠዋት ቾኩን ሙሉ በሙሉ ይሳቡ፣ የጋዝ መያዣውን ሳይነኩ ይርገጡ፤ እንደተነሣ ግን ቀስ በቀስ ይመልሱት፣ ምክንያቱም በዚያ ከፍታ ድብልቁ ያለ ቾክም ነዳጅ ይበዛበታል። ክፍተቱ ትክክል ሆኖ እመቃው ካልተመለሰ፣ ምናልባት የጭስ ማውጫው ቫልቭ በሦስቱ ወር ውስጥ ዳሩ ተቃጥሎ ይሆናል። ያኔ ቴስታታው ወርዶ ቫልቮቹ ከመቀመጫቸው ጋር እንዲፈተጉ፣ ሲመለስም አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እንዲገባበት ያድርጉ።