የእናቴ የዘረመል ለውጥ የእኔም ዕጣ ነው?

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ እናቴ ሜላኖማ በተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ሁለት ጊዜ ታክማለች፤ ወንድሟም በቆሽት ካንሰር አርፏል። በቅርቡ ባደረገችው ምርመራ ሲዲኬኤን2ኤ በሚባለው ዘረመል ላይ ለውጥ እንዳለባት ተነገረን። ወንድሜ «የተጻፈ አይቀርም» ብሎ መመርመር አልፈለገም፤ እኔ ግን ትንሿን ልጄን ባየሁ ቁጥር እጨነቃለሁ። ለውጡ ቢገኝብኝ ካንሰር መያዜ አይቀርም? ባይገኝብኝስ ነፃ ነኝ? ልጄንስ ላስመርምራት?

የተጨነቀች እናት

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ጭንቀትዎ ተገቢ ነው፤ ሁለቱ ካንሰሮች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲታዩ ሐኪሞች ቀድመው ከሚጠረጥሯቸው አንዱ ይኸው ዘረመል ነው። ለውጡን የመውረስ ዕድልዎ 50 በመቶ ሲሆን፣ የወንድምዎም እንዲሁ ነው፤ የአንዳችሁ ውጤት የሌላውን አይወስንም።

ዘረመሉ ፒ16 የተባለ ፕሮቲን እንዲመረት ያደርጋል፤ ይህም ሕዋሳት ያለልክ እንዳይባዙ የሚይዝ ፍሬን ነው። ለውጡን የወረሰ ሰው ከሌላው ወላጁ ያገኘው ጤናማ ቅጂ ስላለው ፍሬኑ መሥራቱን ይቀጥላል። ካንሰር የሚጀምረው በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ያ ቅጂም ተበላሽቶ ሌሎች ጉዳቶች ሲታከሉበት ሲሆን፣ በቆዳ ላይ ከእነዚህ ጉዳቶች ብዙዎቹን የሚያደርሰው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው።

ለወንድምዎ ይህን ይንገሩት፦ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ የለውጡ ተሸካሚዎች እስከ 80 ዓመት ዕድሜያቸው በሜላኖማ የመያዝ ዕድላቸው በአውሮፓ 58፣ በአሜሪካ 76፣ በአውስትራሊያ ደግሞ 91 በመቶ እንደሚደርስ ገምቷል። የተጠኑት በሽታው የበዛባቸው ቤተሰቦች በመሆናቸው አኃዞቹ ለሌሎች ተሸካሚዎች የተጋነኑ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያም ሆኖ ስጋቱ ከባድ ነው። ነገር ግን ይህ ለውጥ ብቻውን ሁሉን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ከአገር አገር ይህን ያህል ልዩነት ባልታየ ነበር።

ለውጡ ከተገኘብዎ በየስድስት ወሩ ወይም ቢበዛ በየዓመቱ የቆዳ ሐኪም ከራስ ቅል እስከ እግር መዳፍ፣ ጥፍሮችንም ጨምሮ ሊያይዎ ይገባል። ቅርጹ፣ ቀለሙ ወይም መጠኑ የተለወጠ ጥቁር ነጥብ ካዩ ቀጠሮውን አይጠብቁ፤ ገና ስስ ሳለ የተቆረጠ ሜላኖማ በአብዛኛው ይድናል። ስለ ቆሽት ክትትልም ሐኪምዎን በግልጽ ይጠይቁ፤ ሲጋራ ያንን ስጋት ስለሚያባብስ ፈጽሞ አይጠጋዎ።

የቤተሰቡ ለውጥ ተለይቶ ስለታወቀ፣ በእርስዎ ላይ አለመገኘቱ ትልቅ ዋጋ ያለው መልስ ነው። ሆኖም ስጋቱ ወደ ዜሮ አይወርድም፤ የቆዳን ቀለም የሚወስነው ኤምሲ1አርን የመሳሰሉ ሌሎች ዘረመሎችም ድርሻ አላቸው።

ልጅዎን ከማስመርመር በፊት እርስዎ ይመርመሩ፤ እርስዎ ካልተሸከሙት ከእርስዎ ልትወርሰው አትችልም። ቢገኝብዎ እንኳ ብዙ ባለሙያዎች የልጆችን ምርመራ ራሳቸው እስኪወስኑ ማቆየትን ይመርጣሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ጥላው፣ ባርኔጣውና ሰውነት የሚሸፍነው ልብስ ግን የማንንም ውጤት ሳይጠብቁ ከዛሬ ይጀምሩ።

ወንድምዎ የዘረመል ምርመራውን እምቢ ቢልም ቆዳውን ለሐኪም ከማሳየት የሚያግደው ነገር የለም፤ ስለዚህ ስለ ምርመራው መከራከሩን ትተው ይህን ብቻ ይለምኑት።