ቻርጀሩ ቀይ እያበራ ያቆማል፣ ሶኬቱም ይግላል፣ ምን ላድርግ?

አንዲት እህታችን ከአዳማ የጻፈችልኝን ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ሰላም ጋሼ፣ ባለ 30 ኪሎዋት አወር ባትሪዋን ሲጋል፣ ያችን ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና፣ ገዝቼ ሞጆ ፋብሪካ ስራ እመላለስባታለሁ። ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ማታ ስሰካት አንዳንዴ ቻርጀሩ ጭራሽ አልጀምር ብሎ ቀይ ያበራል፣ ሲጀምርልኝ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ያቆማል፣ ጠዋት ስነሳ ምንም አልገባላትም። ሶኬቱ ዙሪያው ቡናማ ሆኗል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል። የሰፈር ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ግራውንድ ስለሌለ ነው፣ ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራል ወደ ግራውንዱ ትንሽ ሽቦ ላገናኝልሽ፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው አለኝ። ሌላው ደግሞ ስታቢላይዘር ግዢ አለኝ። የማንን ልስማ?»

እህቴ የማናቸውንም አትስሚ፣ በተለይ የመጀመሪያውን። ሽቦዋን አገናኝቶ ከሆነ ዛሬውኑ አስነቅያት። መኪናሽ ምንም አልሆነችም፣ ቻርጀሩም አልተበላሸም፣ እንደውም ስራውን በትክክል እየሰራ ነው፣ ችግር ያለበት የግቢያችሁ መስመር ነው። በ2016 ነዳጅ የሚጠቀም አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አዳማ ላይ ኤሌክትሪክ መኪና የሌለበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል፣ የቤቶቹ ሽቦ ግን ለአምፖል፣ ለቲቪና ለፍሪጅ ተብሎ ድሮ የተዘረጋ ነው፣ ይሄን ነገር ሻጩም አይነግርሽም ገዢም አይጠይቅም።

መጀመሪያ ያ ኬብሉ መሃል ላይ ያለው ሳጥን ምን እንደሚሰራ ልንገርሽ። ቻርጀር እንለዋለን እንጂ የመብራቱን ኤሲ ወደ ዲሲ ቀይሮ ባትሪውን የሚሞላው እቃ መኪናዋ ውስጥ ነው ያለው። ሳጥኑ ጠባቂ ነው። ከመጀመሩ በፊት ግራውንድ፣ ማለትም ያመለጠ ከረንትን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ መኖሩን ያያል፣ ከዛ ለመኪናዋ ከዚህ አምፔር በላይ እንዳትስቢ ብሎ ይነግራታል፣ እየሰራ እያለ ደግሞ በፌዝ (ከረንት በሚያመጣው ሽቦ) የሄደው ከረንት በሙሉ በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መመለሱን ይከታተላል፣ ጥቂት ሚሊ አምፔር ከጎደለ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው ገላ፣ ወደ መሬት እየሄደ ነው ብሎ ይቆርጣል። ቮልቴጅ በጣም ሲወርድም ይቆርጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ስፒናው ውስጥ ሙቀት የሚለካ ነገር ስላለው ሲግል ያቆማል። ስለዚህ ያንቺ ሁለት የተለያየ ችግር ነው። አልጀምር ብሎ ቀይ የሚያበራው በግራውንድ ነው፣ ጀምሮ የሚያቆመው በሙቀት ወይ በቮልቴጅ ነው። ቀዩ ስንት ጊዜ ብልጭ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ከእቃ እቃ ስለሚለያይ ከሳጥኑ ጀርባ ያለውን ጽሁፍ እይው፣ ቻይንኛ ከሆነ በስልክሽ ካሜራ አስተርጉሚው።

አሁን ስፒናው ጋ እንሂድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው የሚጀምረው እዛ ነው። የቻይና ገበያ መኪኖች ቻርጀር ስፒና ሶስት ጠፍጣፋ እግር ነው ያለው፣ እኛ ሶኬት ደግሞ ክብ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው፣ ስለዚህ ሰው ሱቅ ሄዶ ያችን ርካሽ አዳፕተር ይገዛል። አዳፕተርሽን አውጥተሽ እያት፣ ሁለት ክብ እግር ብቻ ካላት፣ ጎንና ጎኗ ላይ የግራውንድ ብረት ከሌላት፣ ቤቱ ምርጥ ግራውንድ ቢኖረው እንኳን እሷ ቆርጣዋለች፣ ቻርጀሩም ቀይ ከማብራት ሌላ አማራጭ የለውም። ከዛ ደግሞ እነዚህ አዳፕተሮች ውስጣቸው ያለው ብረት ስስ ነው፣ ለስልክና ለላፕቶፕ ነው የተሰሩት፣ አንቺ ሌሊቱን ሙሉ 16 አምፔር ታሳልፊባቸዋለሽ። ከኤክስቴንሽን ጋር ከተደራረበ ደግሞ እሳት እየተጠራ ነው።

16 አምፔር ማለት ወደ 3.5 ኪሎዋት ነው፣ በግምት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማለት ነው። ለምጣድ ግን የሚያውቅ ሰው ተራ ሶኬት አይጠቀምም፣ ወፍራም ሽቦና የራሱ ማጥፊያ ይሰራለታል፣ ያም ሆኖ ተጋግሮ ሲያልቅ ይጠፋል። መኪና ግን ያንኑ ያህል እየሳበች ታድራለች።

ሰሞኑን እዚሁ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ እንዳንቺው የጋለ ሶኬት ፈትቼ ነበር። ከፊት ሲታይ ትንሽ ቢጫ ከማለቱ በስተቀር ደህና ነው፣ ከግድግዳው ሳወጣው ግን የኒውትራሉ ብሎን ላልቶ ሽቦው በጣት ሲነካ ይወዛወዛል፣ የነሃሱ መያዣ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል፣ የሽቦው ልባስ ደርቆ እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ ይወድቃል። ከኋላ ያለው ሽቦ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ነው፣ ለመኪና ስስ ነው። የግራውንዱ ቦታ ላይ ብሎኗ አለች፣ ሽቦ የሚባል ነገር አልነካትም። አዳማ ውስጥ ካየኋቸው የቆዩ ቤቶች አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው፣ ሶኬቱ ባለ ግራውንድ ይመስላል እንጂ ከኋላው ባዶ ነው።

አሁን ወደዛች «ትንሽ ሽቦ» ልምጣ፣ ምክንያቱም ሰው ትገድላለች። ከኒውትራል ወደ ግራውንዱ ብሎን ስታገናኛት ቻርጀሩ ግራውንድ ያገኘ ይመስለዋል፣ አረንጓዴ ያበራል፣ ኤሌክትሪሺያኑም ሰራ ብሎ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል። አሁን እዛ መስመር ላይ የሆነ ቦታ፣ ቆጣሪው ጋ፣ ጣሪያው ላይ፣ ወይ እንደዛኛው ሶኬት የላላ ብሎን ላይ ኒውትራሉ ተቆረጠ በይ። ፌዙ ገብቶ ግቢው ውስጥ በተሰካው እቃ ሁሉ ዞሮ መመለሻ ሲያጣ ያ የተቆረጠው ኒውትራል ራሱ 220 ይሆናል፣ በሽቦዋ አድርጎ ግራውንዱ ላይ ይወጣል፣ ግራውንዱ ደግሞ ከመኪናዋ ቦዲ ጋር የተያያዘ ነው። መኪናዋ ጎማ ላይ ስለቆመች ከረንቱ ወደ መሬት አይወርድም፣ ብሬከርም አይወድቅም፣ ቻርጀሩም ብዙ ጊዜ አያየውም፣ በሩን ለመክፈት እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ እጁን የሰደደ ሰው ነው መንገዱን የሚያሟላው። ግቢሽ ውስጥ ልጆች ይኖራሉ። ስለዚህ ሁሉም ያደርገዋል የሚለውን ነገር ተይው፣ እኔ የማውቀው ጥሩ ባለሙያ አንድም የሚያደርገው የለም። (ቆጣሪው መግቢያ ላይ ከግራውንድ ዘንግ፣ መሬት ውስጥ ከሚመታው ብረት፣ ጋር ኒውትራሉን የሚያስሩበት አሰራር አለ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ በቦታውና በሚፈቀድለት ሰው ነው የሚሰራው፣ ሶኬት ውስጥ አይሰራም።)

ታዲያ መፍትሄው ምንድነው ካልሽኝ ለመኪናዋ የራሷ መስመር ነው። ከቆጣሪው ወይ ከዋናው ቦርድ ተነስቶ ማንም የማይጋራው ባለ 4 ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ርቀቱ ከ30 ሜትር ካለፈ 6 ካሬ፣ መሃል ላይ ምንም መቀጣጠያ የሌለው። መነሻው ላይ 20 አምፔር ብሬከር እና 30 ሚሊ አምፔር ኧርዝ ሊኬጅ (ከረንት ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጥ ማጥፊያ)፣ መጨረሻው ላይ ጥሩ ባለ 16 አምፔር የኢንዱስትሪ ሶኬት፣ የቻርጀሩም ስፒና ከእሱ ጋር በሚገጥም ተቀይሮ አዳፕተር የሚባለው ነገር ከነጭራሹ ይወገዳል። ስፒናው ውስጥ የሙቀት መለኪያ ካለው ግን አይቆረጥም፣ ለሱ የሚሆን ባለ ሶስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ሶኬት ይገጠማል።

ግራውንዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ አዳማ ስለሆነ። የኛ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፣ ቀላልና አሸዋማ ነው፣ ውሃ አይዝም፣ በጋ ላይ ደርቆ ዱቄት ይሆናል። ደረቅ አፈር ከረንት አያስተላልፍም። አንድ አጭር ዘንግ መሬት ላይ መትተው የሄዱበት ቤት ሐምሌ ላይ ሲለካ ጥሩ ሆኖ ይገኛል፣ የካቲት ላይ ቻርጀሩ ቀይ ማብራት ይጀምራል፣ ባለቤቱም መኪናው ተበላሸ ብሎ ይደውላል። ስለዚህ ዘንጉ ረጅም ይሁን፣ ከ2 ሜትር ባይወርድ እመርጣለሁ፣ አንዱ ካልበቃ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ በቁመቱ ያህል ተራርቆ ተመትቶ ይያያዝ፣ ቦታው ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ውሃ የሚደፋበት ወይ ቧንቧው አጠገብ ያለ እርጥብ ጥግ ይሁን። ጨውና ከሰል የሚጨምሩ አሉ፣ ለጊዜው ቁጥሩን ያሻሽለዋል ግን ጨው ዘንጉን ይበላዋል። ሲጨረስ በኧርዝ ቴስተር፣ በግራውንድ መለኪያው፣ ይለካልሽ፣ በተራ መልቲሜትር «ይሄው 220 ያሳያል» የሚልሽን አትመኚው፣ መልቲሜትር በጣም ደካማ ግራውንድም ላይ 220 ያሳያል።

ኧርዝ ሊኬጁ ለምን ግዴታ እንደሆነም ላስረዳሽ። ዘንጉ ከመሬት ጋር ያለው ሬዚስታንስ (ከረንቱን የሚያግደው መጠን) 50 ኦም ሆነ እንበል፣ በደረቅ አፈር ላይ መጥፎ የሚባል አይደለም። ፌዝ የመኪናዋን ቦዲ ቢነካ በዛ ግራውንድ የሚያልፈው 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ነው፣ 20 አምፔር ብሬከር ደግሞ በ4.4 አይወድቅም፣ ቦዲው ከረንት እንደያዘ ይቆያል። ኧርዝ ሊኬጅ ግን በ30 ሚሊ አምፔር ወዲያው ይቆርጠዋል። እዚህ ላይ ብር ለመቆጠብ አትሞክሪ።

ስታቢላይዘሩን በተመለከተ፣ ላንቺ ችግር አይሰራም፣ እንደውም ያባብሰዋል። መኪናዋ የተፈቀደላትን አምፔር ነው የምትስበው፣ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ያው 16 አምፔር ነው፣ የሚሞላው ብቻ ይዘገያል። ስታቢላይዘር መሃል ሲገባ 180ውን 220 ለማድረግ ከመስመሩ ወደ 20 አምፔር ይስባል፣ ያ የላላው ብሎን ላይ ሙቀቱ ይጨምራል። ቻርጀሩ በቮልቴጅ ምክንያት የሚያቆም ከሆነ መድሃኒቱ ሰዓት መቀየር ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ግቢው ሁሉ ምድጃና ካውያ ይሰካል፣ አንቺ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንድትጀምር መኪናዋ ስክሪን ላይ ቀጠሮ ሙይላት።

አምፔሩንም ቀንሺው። ሞጆ ደርሶ መልስ 50 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ እንደዚች አይነት ትንሽ መኪና ለዛ 6 ኪሎዋት አወር አካባቢ ነው የምትፈልገው። በ8 አምፔር፣ ቮልቴጁ 200 ብቻ ቢሆን እንኳን፣ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ከሶኬቱ 11 ኪሎዋት አወር ታገኛለሽ፣ ሲሞላ የሚባክነው ተቀንሶ ለቀኑ በቂ ነው ይተርፋል። 16ቱን ወደ 8 ስታወርጂው ደግሞ ማጋጠሚያዎቹ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ግማሽ ሳይሆን ሩብ ነው የሚሆነው። ብዙ ሰው ፈጣን ካልሆነ ቻርጅ አይመስለውም፣ ሌሊቱ ግን ረጅም ነው መኪናዋም ቆማ ነው የምታድረው። ቻርጀርሽ ላይ የአምፔር መምረጫ ቁልፍ ከሌለ፣ ስክሪኗም ላይ ካጣሽው፣ ባለ መምረጫውን ፈልገሽ ግዢ፣ የቻይናው ጂቢቲ አፍ ያለው መሆኑን ግን አረጋግጪ፣ የአውሮፓው አይገባላትም።

አከራይሽን እንዴት ታናግሪያቸዋለሽ የሚለው ከሽቦው የበለጠ ሊከብድ ይችላል። ዝም ብለሽ መስመር ላስገባ ካልሻቸው ቤቴን ልታፈርስ ነው ነው የሚሉት። እሳቸውን ወስደሽ ቡናማ የሆነውን ሶኬት አሳዪያቸው፣ ቤታቸው እንዳይቃጠል ነው የምትሰሪው፣ ግራውንዱም ስትወጪ ለእሳቸው ነው የሚቀረው። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ጭቅጭቅ እንዳይመጣ መኪናዋ መስመር ላይ ትንሽ ቆጣሪ አስገጥሚ፣ የበላሽውን በየወሩ አንብባችሁ ትከፍያለሽ።

ይሄ እስኪሰራ እዛ ሶኬት ላይ ዛሬም ነገም አትሰኪ። ፋብሪካችሁ ውስጥ ግራውንድ ያለው መስመር መኖሩ አይቀርም፣ የጥገና ክፍሉን ሃላፊ አናግሪው፣ በ8 አምፔር ከስራ መግቢያ እስከ መውጫ ብትሰኪ ደርሶ መልስሽን ይሸፍናል። ባለሙያ ስታመጪም በመጀመሪያ ኧርዝ ቴስተር አለህ ወይ ብለሽ ጠይቂው፣ ከሌለው ሌላ ፈልጊ፣ እስከዛ የቻርጀሩን ጀርባና የአዳፕተሯን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የሚገጥመውን ሶኬት እነግርሻለሁ።