ከጅሬን ጉብኝት ምን ይዘን እንመለስ?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እወስዳለሁ፤ አስጎብኚውን ይሰማሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ በማግሥቱ ስጠይቃቸው ግን የሚያስታውሱት የመኪናውን ጫጫታ ብቻ ነው። ጉብኝቱን ትምህርት ለማድረግ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ጥፋቱ የተማሪዎቹ አይመስለኝም። ግቢው በሙሉ በአንድ ሰዓት ሲታይ አንዱም ነገር በቅጡ አይታይም። ከመሄድዎ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ይምረጡ፤ ለምሳሌ፣ ሞቲው (ንጉሡ) ቤታቸውን ከገበያው ላይ ሳይሆን ከኮረብታው ላይ ለምን ሠሩት? ተማሪው ከከፍታው ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲመለከት፣ የዛሬዋ ጅማ ያደገችው በሂርማታ ገበያ ዙሪያ መሆኑን፣ የቡናውም የነጋዴውም መንገድ ከዚያ ይገናኝ እንደነበር መጽሐፍ ከሚነግረው በተሻለ ይረዳል።

ሁለተኛው አባ ጅፋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል፤ ለምኒልክ ግብር በመክፈልም የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል። የእንጨትና የጭቃው ሕንፃ፣ አጠገቡ ያለው መስጊድና የእንጨት ቅርፁ ለዚህ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ሆኖም ሂርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሪያ ገበያም ነበር። አስጎብኚዎች ስለ ሞቲው ቁመትና ግርማ ሲተርኩ ይህን ሊዘሉት ይችላሉ፤ እርስዎ ግን አይዝለሉት፤ የቤተ መንግሥቱ ሀብት ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ቤቱን ማዋረድ አይደለም።

ከተቻለ የሒሳብ መምህሩም አብረው ይሂዱ፤ የምሰሶዎችን ርቀትና የጣሪያውን ከፍታ መገመት ለተማሪው አስደሳች ሥራ ነው። መኖሪያ ቤታቸው በጅሬን አካባቢ የሆነ ተማሪዎች ደግሞ ከጉብኝቱ በፊት አያቶቻቸውን በአፋን ኦሮሞ ስለ «መሰራው» (ስለ ቤተ መንግሥቱ) ጠይቀው ይምጡ፤ የሚሰሙት ከአስጎብኚው ትረካ ጋር ካልተስማማ፣ ለክርክር የሚሆን ትምህርት አገኙ ማለት ነው። ሞቲው ይገለገሉባቸው የነበሩ ዕቃዎች ከከተማው ሙዚየም ስለሚገኙ፣ ሙዚየሙን በሌላ ቀን ይጎብኙት፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማጣመር ያው የቀድሞው ጥድፊያ ነው።

ክፍሉን በሃያ በሃያ ተማሪ ይክፈሉት፤ አሮጌ የእንጨት ወለል ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አይወድም። ስልኮቹ በቦርሳ ይቆዩ፤ የፎቶው ጊዜ ከመመለስዎ በፊት ያለው የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ይሁን።