ከመንደፍሽ በፊት ለኪ

ጥያቄ፦ በሜካኒካል ምህንድስና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ለሆቴልና ለቢሮ ኤሲ የሚገጥም ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ፍላጎቴ ግን ለመድኃኒት ፋብሪካ ክሊንሩም (አየሩ ከብናኝ ተጣርቶ የሚጠበቅ ክፍል) መብራት የማይበላ የአየር ሥርዓት መንደፍ ነው። ውጭ ሄጄ ማስተርስ ልማር ወይስ እዚሁ የሚያዋጣ ሥራ አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማስተርሱን ለጊዜው አቆዪው። ትምህርቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ገና ክሊንሩም ውስጥ ሳትገቢ ብትሄጂ ምን እንደምትጠይቂ አታውቂም።

ሥራው አለ፤ ሰፊ ግን አይደለም። የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመድኃኒት አምራቾች ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከእሱ ውጭም ፋብሪካዎች አሉ። እኔ እስከማየው ግን ዲዛይኑ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ጋር ከውጭ ይመጣል። እዚህ ሰው የሚጠፋው ከተከላው በኋላ ነው። አየሩን የሚለካ፣ ፊልተሩን የሚፈትሽ፣ ኦዲተር ሲመጣ ወረቀቱን ይዞ የሚያስረዳ ሰው ነው የሚፈለገው። መግቢያ በርሽ እሱ ነው።

ደግሞም ቁጠባው ያለው ልኬቱ ላይ ነው። ክሊንሩም ብዙ መብራት የሚበላው በአብዛኛው ከሚያስፈልገው በላይ አየር ስለሚነዳ ነው። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2004 ባወጣው መመሪያ ለአይኤስኦ 8 ክፍል (በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ በአይኤስኦ፣ የንጽሕና ደረጃ) አየሩ በሰዓት ቢያንስ 20 ጊዜ ቢቀየር አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት አለው ይላል። የአውሮፓው የመድኃኒት አመራረት ደንብ (ጂኤምፒ) አኔክስ 1 ግን እንዲህ ያለ ቁጥር አያስቀምጥም። የብናኙን ጣሪያ ይሰጥሽና ሥራ ካቆመ በኋላ ክፍሉ ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይጽዳ ይላል። ስለዚህ ክፍሉ ባነሰ አየርም እንደሚጸዳ በልኬት ካሳየሽ ለመቀነስ መነሻ አለሽ። የቅናሹ ትርፍ ደግሞ ቀላል አይደለም። የፋን ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ (በኪዩብ) ነው የሚሄደው፤ የሚነዳው አየር ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ አየሩን በ20 በመቶ ብትቀንሺ የፋኑ ፍጆታ ወደ ግማሽ ይጠጋል። አይኤስኦም በ2019 ለክሊንሩም ኃይል ቁጠባ ብቻ 14644-16 የሚባል ሰነድ አውጥቷል። ብቻ የንጽሕና ደረጃቸው በሚለያይ ክፍሎች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከ10 ፓስካል እንዳይወርድ። ሳይለካ ኢንቨርተሩን (የፋኑን ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ዝቅ ያደረገ ሰው የቆጠበውን መብራት በአንድ የተጣለ ባች (በአንድ ዙር በተመረተ መድኃኒት) ይከፍለዋል።

አሁን ኢንተርቪው ላይ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ለባሕር ጠለል ከተጻፈ ካታሎግ የተመረጠ ፋን እዚህ በዚያው ፍጥነት ሲዞር ያንኑ ኪዩቢክ ሜትር ያህል አየር ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ የሚፈጥረው ግፊት ግን በሩብ ያህል ይወርዳል። ዳክቱ (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦው) ችግር የለውም፤ የእሱም መቋቋም አብሮ ይቀንሳል። ኮርኒሱ ላይ ያለው ሄፓ ፊልተር (ደቃቅ ብናኝ የሚይዘው ማጣሪያ) ግን እንደዚያ አይደለም። በቀጫጭን ክሮቹ መካከል አየሩ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ መቋቋሙ የሚወሰነው በአየሩ ዝልግልግነት ነው፤ ያ ደግሞ ከፍታ ሲጨምር ብዙም አይለወጥም። እናም ፋኑ ደክሞ፣ ፊልተሩ እንዳለ ይጠብቀዋል። ሁሉንም ነገር በአንድ ማስተካከያ ቁጥር አባዝቶ የሚያልፍ ዲዛይነር እዚህ ላይ ይሳሳታል። ይህን በስሌት አስደግፈሽ ብታቀርቢ ጠያቂሽ እስክሪብቶውን ያነሳል።

አሁን ያለሽበትን መሥሪያ ቤት አትናቂው። ተከላ ካለቀ በኋላ ያለውን የባላንሲንግ ሥራ (ለየክፍሉ የሚደርሰውን አየር ለክቶ ማስተካከል) ለምነሽም ቢሆን ያዢ። በአኔሞሜትርና (የአየር ፍጥነት መለኪያ) በማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) እጅሽ ይፍታታ። የአይኤስኦ ሰነዶች በገንዘብ ነው የሚገኙት፤ አኔክስ 1 እና የዓለም ጤና ድርጅት የኤችቫክ (የማሞቂያ፣ የአየር ማናፈሻና የማቀዝቀዣ ሥርዓት) መመሪያ ግን በነጻ ይወርዳሉ። መጀመሪያ እነሱን ጨርሺ።

ሲቪሽ ላይ «ለኃይል ቁጠባ ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» የሚለውን አውጪው። በቦታው አንድ የለካሽውን ሥርዓት ጻፊ፤ አየሩ ስንት ነበር፣ ምን ቀየርሽ፣ ስንት ሆነ። ሥራ ስትፈልጊም «ኤችቫክ ኢንጂነር» የሚለውን ብቻ አትጠብቂ። «ቫሊዴሽን»፣ «ኳሊፊኬሽን» (ሥርዓቱ እንደታሰበው መሥራቱን በፈተና ማረጋገጥ)፣ «ዩቲሊቲ» (የፋብሪካው የአየር፣ የውሃና የኃይል አቅርቦት) የሚሉ ማስታወቂያዎችም ያንቺ ናቸው። ሁለት ዓመት እዚያ ሠርተሽ፣ መልስ ያጣሽለት የራስሽ ጥያቄ ሲኖርሽ የማስተርሱን ነገር እንደገና ጻፊልኝ።